ማሽኑ ላይ ማን ይወጣል? በኮምቦልቻ ዳር የሚገኝ የአንድ ካባና ክሬሸር የጉዳይ ጥናት

ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ የራሱ ካባ (የድንጋይ ማውጫ) ያለው አንድ የጠጠር ማምረቻ አለ። ጥቁር ድንጋይ ያፈነዳል፣ በክሬሸር ይፈጫል፣ በወንፊት ይለያል፤ ከደቃቁ ወደ ትልቁ 00፣ 01 እና 02 እያለ ለመንገድና ለሕንፃ ሥራ ያቀርባል። ሲኖትራኮቹ አንዱን ቢያጆ (የመኪና ጭነት) በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ ያወጣሉ፣ ሌላውን በባቲና በከሚሴ መስመር ያወርዳሉ። ድርጅቱን በስም አንጠራውም፤ የደመወዝ ስሌቶቹም ነገሩን ለማስረዳት ያህል የተቀመጡ ናቸው። የሕግ ቁጥሮቹ ግን ከአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተወሰዱ ናቸው።

ጉዳዩ የጀመረው በር ላይ ነው። የአካባቢው ወጣቶች የካባውን መግቢያ በድንጋይ ዘጉ። ድንጋዩ ከሰፈራችን ይወጣል፣ አቧራው በእኛ ማሳና በእኛ ቤት ያርፋል፣ ደህና ደህናው ሥራ ግን ከሌላ ቦታ ለመጣ ሰው ይሰጣል የሚል ነበር አቤቱታቸው። የድርጅቱ የሰው ኃይል ክፍል ደግሞ ፔሮሉን ይዞ ከተማ አስተዳደሩ ዘንድ ቀረበ፤ ከሠራተኛው አብዛኛው የኮምቦልቻና የቃሉ ወረዳ ሰው መሆኑን በስም ዝርዝር አሳየ። ሁለቱም ወገን አልዋሸም። የተጣሉት አንዱ ሰው እየቆጠረ፣ ሌላው ወንበር እየቆጠረ ስለነበር ነው።

ያው ዝርዝር በትውልድ ቦታ መደርደሩ ቀርቶ በሥራ መደብ ሲደረደር ነገሩ ቁልጭ አለ። ድንጋይ ለቃሚው፣ ጠራጊው፣ ጥበቃው፣ የወንፊት ረዳቱ የአካባቢው ሰው ነው። የኤክስካቫተር፣ የሎደር፣ የዋገን ድሪል (የድንጋይ መብሻ ማሽን) እና የክሬሸር ኦፕሬተሮቹ፣ መካኒኩና ኤሌክትሪሺያኑ ግን ከመንገድ ፕሮጀክት ወደ መንገድ ፕሮጀክት ሲዞሩ የኖሩ፣ ከሌላ ከተማ የመጡ ናቸው። ክሬሸሩን የተከለው የውጭ አገር ቴክኒሽያንም የሥራ ፈቃዱ እየታደሰ እዚያው ቆይቷል። ሴቶቹ ሁለት ቦታ ብቻ ይገኛሉ፤ ድንጋዩን በሚያጓጉዘው ቀበቶ ዳር ከድንጋዩ ጋር የመጣውን ሥርና የአፈር ጓል ሲለቅሙ፣ ወይም ከወንፊቱ ሥር የፈሰሰውን ሲጠርጉ። ከዚያ ውጭ ያለችው አንዲት ገንዘብ ያዥ ናት።

ይህን ያመጣው ክፋት ነው ማለት ይከብዳል። ጦርነቱ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ የከተማው ድርጅቶች ንብረትም ሰውም አጥተዋል። ሥራው እንደገና ሲጀመር ይህ ካባም ማሽን የሚነዳ ሰው በአስቸኳይ ይፈልግ ነበር፤ ማስታወቂያውም «ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ያለው፣ መንጃ ፈቃድ ያለው፣ የሦስት ዓመት ልምድ ያለው» ይላል። የአካባቢው ልጅ ከኮሌጅ ሲኦሲውን ይዞ ቢመጣ እንኳ ልምዱን የሚያገኘው ያው ማሽን ላይ ሲወጣ ነው፤ ማሽኑ ላይ የሚወጣው ደግሞ ልምድ ሲኖረው። ማስታወቂያው የቀጠረው ሰው ችግር አልነበረበትም፣ ችግሩ ከዚያ በኋላ የሚተካ ሰው ለማውጣት ማንም አለማሰቡ ነው። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 የውጭ ባለሙያ የሚቀጥር ባለሀብት ሥልጠና እያዘጋጀ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በኢትዮጵያዊ እንዲተካ ያስገድዳል። እዚህ ግን ቴክኒሽያኑ ዕውቀቱን ለማን እንደሚያስረክብ የተጻፈ ነገር አልነበረም፤ የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ጽሑፍ እንኳ በቻይንኛ ነበር።

«የቀን ሠራተኛ»

በሩን ከዘጉት መካከል ጥቂቶቹ ሥራ ፈላጊዎች አልነበሩም። ድርጅቱ ውስጥ ሁለትና ሦስት ዓመት የሠሩ የቀን ሠራተኞች ነበሩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰው በፎርማኑ ደብተር ላይ ይመዘገባል፣ በየ15 ቀኑ ፈርሞ ይቀበላል፣ 60 የሥራ ቀን ሊሞላው ሲል ለጥቂት ቀናት ቤት ይቀመጣል፣ ከዚያ እንደ አዲስ ይገባል። ድርጅቱ በዚህ መንገድ ሁሉንም ሰው ሁልጊዜ በሙከራ ላይ ያለ አድርጎ ይቆጥራል። ሕጉ ላይ ሦስት ቦታ ይሰናከላል። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፣ መኖሩም በጽሑፍ መስፈር አለበት። በዚያው አሠሪ ለዚያው ሥራ ተመልሶ የተቀጠረ ሰው ዳግም ለሙከራ አይቀመጥም። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ ደግሞ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመበት መግለጫ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ካልሰጠም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ያልተወሰነ ጊዜ ውል የሕጉ መነሻ ግምት ነው፤ የተወሰነ ጊዜ ውል የሚፈቀደው በአዋጁ በተዘረዘሩት ምክንያቶች ብቻ ነው።

ድርጅቱ «ሥራችን ወቅታዊ ነው፣ ክረምት ይቆማል» አለ። ወቅታዊ ሥራ በእርግጥ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች አንዱ ነው። ነገር ግን ክረምት ላይ የሚቀዘቅዘው ማፈንዳቱና ማጓጓዙ ነው፤ የክሬሸሩ ጥገና፣ የተከመረው ጠጠር ሽያጭ፣ የጥበቃው ሥራ አይቆምም። ከመስከረም እስከ ሰኔ በየቀኑ የሚሠራ ቀበቶ አጠገብ የቆመ ሰው የወቅት ሠራተኛ ነው ብሎ መከራከር አያዋጣም።

መብራት ሲጠፋም እንዲሁ። ጄኔሬተሩ ለመላው ክሬሸር ስለማይበቃ መብራት በጠፋ ቁጥር የቀን ሠራተኛው «ሂዱ» ይባላል፣ የዚያ ቀንም አይታሰብለትም። ሕጉ ግን ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ በእሱ ባልመጣ ምክንያት፣ ለምሳሌ መሣሪያ ወይም ጥሬ ዕቃ ሳይቀርብለት ቀርቶ ካልሠራ፣ ደመወዙን ያገኛል ይላል። መቋረጡ ከአሠሪው አቅም ውጭ ሆኖ 10 ተከታታይ ቀናትና ከዚያ በላይ ከሆነ ውልን ማገድ ይቻላል፤ ለዚያም በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ግዴታ ነው። የአንድ ቀን መብራት መጥፋት እዚህ ውስጥ አይገባም።

ይህ ሁሉ ወደ ገንዘብ ሲመነዘር ትርጉም ይኖረዋል። የቀን ክፍያው 260 ብር የሆነ፣ አራት ዓመት የሠራ ሰው በሠራተኛ ቅነሳ ቢሰናበት የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት 30 ቀን፣ ማለትም 7,800 ብር ነው። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ 2,600 ብር ይጨመራል፤ ለሦስቱ 7,800። በድምሩ 15,600 ብር። በቅነሳ ምክንያት ደግሞ የ60 ቀን ካሳ፣ 15,600 ብር፣ ይታከላል። በየ60 ቀኑ «አዲስ» የሚሆን ሰው ግን በደብተሩ መሠረት ምንም የለውም። በሩን ያዘጋቸው ምን እንደሆነ ከዚህ ስሌት በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም።

12 ሰዓት በ6 ቀን

ኦፕሬተሮቹም ደስተኞች አልነበሩም። ክሬሸሩ በሁለት ሺፍት፣ እያንዳንዱ 12 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን ይሠራ ነበር። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 መብለጥ የለበትም። በቀን 8 ሲደመር 4፣ 12 ይሆናልና ሺፍቱ በቀን ሲታይ ሕጋዊ ይመስላል። በሳምንት ሲታይ ግን 12 በ6፣ 72 ነው፤ ጣሪያው 60። የምሳ አንድ ሰዓት ቢቀነስም 66 ይሆናል። የሰው ኃይል ክፍሉ የቀኑን ጣሪያ አንብቦ የሳምንቱን ዘልሎታል። ይህ ስህተት በብዙ ካባና ኮንስትራክሽን ቦታ ያጋጥማል።

የክፍያው አሰላልም እንደዚሁ ተዛብቷል። በወር 7,800 ብር የሚያገኝ ሰው በወር 208 ሰዓት ተብሎ ሲሰላ የሰዓቱ 37.50 ብር ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ይባዛል፣ 56.25 ብር። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ ወደ 65.63 ብር። በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ 75 ብር። በሕዝብ በዓል በ2.5፣ 93.75 ብር። ድርጅቱ ግን ለሁሉም ሰዓት አንድ ዓይነት «ጉርሻ» በቢያጆ ይከፍል ነበር። ብዙ በተመረተበት ወር ጉርሻው ከሕጉ በልጦ ሊገኝ ይችላል፣ ባነሰበት ወር ደግሞ ከሕጉ በታች ይወርዳል፤ ማንም አያወዳድርም። ሠራተኛው ወደ ኋላ መለስ ብሎ ልጠይቅ ሲልም የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር እንደሚያልፍበት አያውቅም ነበር።

የቢያጆ ጉርሻው ሌላ ጉዳትም ነበረው። የሚከፈለው ለኦፕሬተሩ፣ ለፎርማኑና ለሾፌሩ ነው፤ ለረዳቱና ለለቃሚዋ የለም። ክሬሸሩ በቆመ ቁጥር ገቢ የሚቀንስበት ሰው የማቆሚያውን ቁልፍ ይዟል፣ እጁን ቀበቶው ሥር የሚከት ሰው ደግሞ የማስቆም ሥልጣን የለውም። ከመጨረሻው ፑሊ (ቀበቶው ከሚዞርበት ከበሮ) ሥር ጠጠር ሲጠራቀም ቀበቶው ወደ ጎን ይሸሻል፤ ደንቡ አቁሞ፣ ቁልፉን ቆልፎ፣ ከዚያ መጥረግ ነው። እዚህ ግን እየሄደ ይጠረግ ነበር። በአንዱ ቀን የአንዲት ጠራጊ አካፋ በፑሊውና በቀበቶው መካከል ገብቶ ይጎትታት ጀመር። ፎርማኑ ከላይ «እህቴ ልቀቂው፣ አካፋውን ልቀቂው!» እያለ ሲጮህ የማቆሚያ ገመድ በቀበቶው ዳር ስላልነበረ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ መሮጥ ነበረበት። ሠራተኛዋ በሰላም ለቀቀች። አካፋው ዘንጉ ተሰብሮ ከሌላኛው ወገን ወጣ።

ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የተደረገው ነገር ርካሽ ነበር፤ ለፑሊዎቹ ከሽቦ መረብ መከላከያ ተበየደ፣ በቀበቶው ርዝመት የማቆሚያ ገመድ ተዘረጋ፣ ለእያንዳንዱ ጥገና ሠራተኛ የራሱ ቁልፍ ተሰጠ። ጉርሻውን መቀየር ግን ድርድር ጠየቀ።

አቧራው

ጥቁሩ ድንጋይ፣ ባዛልት፣ እንደ ራዮላይት ወይም እንደ አሸዋ ድንጋይ ብዙ ነፃ ኳርትዝ (አቧራው ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን) የለውም፤ ይህ ግን አቧራው ምንም አያደርግም ማለት አይደለም። ሳንባ ውስጥ ዘልቆ የሚገባው ከ10 ማይክሮን በታች ያለው፣ በዓይን የማይታየው ነው። በካባው ግድግዳ ላይ ደግሞ በባዛልቱ መካከል ነጣ ያለ ሌላ ድንጋይ በንብርብር ያልፋል፤ እሱ ሲፈጭ ነገሩ ይለያል። ለኳርትዝ አቧራ በአንዳንድ አገሮች የሚሠራበት ጣሪያ በ8 ሰዓት አማካይ በሜትር ኩብ 0.05 ሚሊግራም ነው፤ ለድምፅ ደግሞ 85 ዴሲቤል። ጆው ክሬሸር (ድንጋዩን መጀመሪያ የሚሰብረው መንጋጋ) አጠገብ ያለው ድምፅ ብዙ ጊዜ ከ90 በላይ ነው።

ሴቶቹ ይለብሱት የነበረው ነጠላና የጨርቅ ማስክ ነው። ጨርቅ ትልልቁን ይይዛል፣ ትንንሹን ያሳልፋል። ድርጅቱ ውኃ መርጫ ነበረው፤ ግን ፎርማኖቹ ይዘጉት ነበር፣ ምክንያትም ነበራቸው። ውኃ ሲበዛ 00 ይጨቀያል፣ ጥቃቅን የወንፊት ቀዳዳዎችን ይደፍናል፣ ክሬሸሩ ይቆማል፣ ጉርሻው ይቀራል። በቦቴ የሚመጣ ውኃም ገንዘብ ነው። መፍትሔው ውኃውን መጨመር ሳይሆን ቦታውን ማዛወር ሆነ። በጆው አፍና ድንጋይ ከአንዱ ቀበቶ ወደ ሌላው በሚወድቅበት ቦታ በጭጋግ መልክ የሚረጭ ቀጭን አፍንጫ ተተከለ፣ በመጨረሻው ወንፊት ላይ ያለው ተዘጋ፣ በምትኩ ወንፊቱ በአሮጌ የቀበቶ ጎማ መጋረጃ ተሸፈነ። ለቃሚዎቹ ነፋሱ የወንፊቱን አቧራ ከሚወስድበት ጎን ነፋሱ ወደሚመጣበት ጎን ተዛወሩ። ማስኩ በማጣሪያ ማስክ ተተካ፤ ከፊት ጋር ካልገጠመ ዋጋ ስለሌለው ለሴቶቹ ትንሹ መጠን መጠየቅ ነበረበት፣ መጀመሪያ የመጣው ሁሉም ትልቁ ነበርና።

አዋጁ አደገኛ ሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ እንደ አስፈላጊነቱ በአሠሪው ወጪ የጤና ምርመራ እንዲደረግለት ይላል። ወሳኙ ሲቀጠር የሚነሣው የመጀመሪያው የሳንባ ራጅ ነው፤ እሱ ከሌለ በኋላ የሚመጣ ለውጥ ከሥራው መምጣቱን ማሳየት ይከብዳል። በዚህ ድርጅት ለዓመታት የሠሩት አንዳቸውም አልነበራቸውም።

ማኅበሩ

10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል፤ አባላቱም ከ10 ማነስ የለባቸውም። እዚህ መጀመሪያ የተነሡት ኦፕሬተሮቹ ነበሩ፤ የቀን ሠራተኞቹን አላካተቱም። የከተማው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ሰነዶቹን ሲመለከት የቀን ሠራተኛ የተባሉት ሰዎች ሠራተኞች መሆናቸውን አነሣ። አባል መሆንና አለመሆን የራሳቸው ፈንታ ነው፤ ሠራተኛ አይደሉም ማለት ግን አይቻልም። ማኅበሩ መተዳደሪያ ደንቡን አስተካክሎ ተመዘገበ፤ በአመራሩ ውስጥ አንዲት ድንጋይ ለቃሚና አንድ የወንፊት ረዳት ገቡ።

በኅብረት ድርድር ጥሪ የደረሰው ወገን በ10 ቀናት ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት። ድርጅቱ በሰዓቱ ቀረበ፤ በመጀመሪያው ቀን ግን በደመወዝ ጭማሪ መቶኛ ላይ ተፋጥጠው ተለያዩ። ሁለተኛው ስብሰባ የተሻለ የሆነው የቀረበው ወረቀት ስለተለወጠ ነው። ማኅበሩ የመቶኛ ጥያቄውን ወደ ኋላ አድርጎ የሥራ መደቦችን ዝርዝር አመጣ፤ እያንዳንዱ መደብ ምን ማወቅ እንደሚጠይቅ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ እንዴት እንደሚታለፍ። በእኛ ግምት የጉዳዩ መዞሪያ ይህ ነው። «ከአካባቢው ይህን ያህል በመቶ፣ ከሴቶች ይህን ያህል በመቶ ይቀጠር» የሚል ኮታ ብቻ ቢፈረም ኖሮ ድርጅቱ በሚቀጥለው ወር ተጨማሪ ለቃሚና ጠራጊ ቀጥሮ ኮታውን ይሞላ ነበር። በሩም ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ይዘጋል።

አምስቱ ደረጃዎች

የተስማሙበት መሰላል አምስት ደረጃ አለው፤ ለቃሚና ጠራጊ፣ የቀበቶና ግሪስ ተቆጣጣሪ፣ ረዳት ኦፕሬተር፣ ኦፕሬተር፣ የሺፍት ፎርማን። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚታለፈው በፈተና ነው፤ ፈታኙ መካኒኩ፣ የማኅበሩ ተወካይና ከኮሌጅ የሚመጣ አሠልጣኝ ናቸው። የሎደርና የኤክስካቫተር መስመር ለብቻው ነው፤ መንጃ ፈቃድና ሲኦሲ ስለሚጠይቅ የውስጥ ፈተና ብቻውን አይበቃም። ፍንዳታ ከመሰላሉ ውጭ ሆኗል፤ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ ነው የሚነካው፣ በዚህ ማንም አልተከራከረም።

ፈተናው ምን እንደሚመስል ከሁለተኛው ደረጃ ሁለት ጥያቄ ብናነሣ ይበቃል። ቀበቶ ወደ ቀኝ ሲሸሽ ምን ታደርጊያለሽ? መጀመሪያ ሮለሩና ፑሊው ላይ የተጋገረ ጭቃ እንዳለ ማየት፣ ካለ አቁሞ መፋቅ። ከሌለ ቀበቶው የሸሸበትን ወገን የሮለር ጫፍ ወደ ቀበቶው መሄጃ አቅጣጫ በትንሹ መግፋት፤ ከዚያ ቀበቶው ሙሉ ዙር እስኪዞር መጠበቅ። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው አሥር ሮለር በአንድ ጊዜ ሲነካ ነው፣ ከዚያ የትኛው እንዳስተካከለው አይታወቅም። ሁለተኛው ጥያቄ፦ ክሬሸሩ ከየት ይነሣል? ከመጨረሻው። መጀመሪያ ጠጠሩን የሚያወጡት ቀበቶዎች፣ ቀጥሎ ወንፊቱ፣ ኮኑ (ሁለተኛው መፍጫ)፣ ጆው፣ በመጨረሻ ድንጋይ የሚመግበው ፊደር። ሲቆም በተቃራኒው፣ ፊደሩ ቀድሞ። ፊደሩ ቀድሞ ከተነሣ ጆው ድንጋይ ታንቆ ይቆማል፤ ያን በብረት ዘንግ ማውጣት ግማሽ ቀን ይበላል፣ ብዙ እጅና እግርም የሚጎዳው በዚያን ጊዜ ነው።

ለሦስተኛው ደረጃ የጆው ሳህን ሁኔታ ይጨመራል። ሳህኑ የሚበላው ከታች በኩል ነው፤ ታቹ ሲያልቅ ተገልብጦ ቢታሰር ዕድሜው ይረዝማል። የጆውን የታች ክፍተት ለመለካት ማሽኑ ባዶ እየሄደ በሽቦ የታሰረ የእርሳስ ብረት ጣል ይደረጋል፤ የተጨፈለቀው እርሳስ ውፍረት ክፍተቱ ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ 02 ይበዛል፣ ኮኑም ይጫናል። ይህን ቀድሞ የሚያውቀው የውጭ አገሩ ቴክኒሽያን ብቻ ነበር።

ሥልጠናው በሐምሌና በነሐሴ እንዲሆን ተወሰነ። ክረምት ላይ ምርት ይቀንሳል፣ ማሽኑ ይፈታል፣ ወንፊት ይቀየራል፤ ሰው ወደ ቤት ከሚላክ ፈትቶ እየገጠመ ይማር። 16 የሥራ ቀን የሆነው የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድም ወደዚያ ወቅት ተዛወረ፣ ስለዚህ «ክረምት ሥራ የለም» የሚለው ማሰናበቻ ቀረ። ጉድለት አለው፤ በቆመ ማሽን መገጣጠም እንጂ ማስነሣት አይለመድም። ለዚያ ከመስከረም ጀምሮ ሰልጣኙ ከኦፕሬተሩ አጠገብ የሚቆምበት ሰዓት በሺፍት ሠንጠረዡ ገባ። የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ቁልፎች በአማርኛ ተጽፈው፣ በቁጥርና በቀለም ተለይተው ተለጠፉ፤ ቁጥሩ የማስነሻው ቅደም ተከተል ነው። ማንበብ የማይችሉ ሁለት ጎበዝ ረዳቶች በቁጥሩና በቀለሙ ፈተናውን አልፈዋል።

ለሴቶቹ ሌላ ዕንቅፋት ነበር፤ ቴክኒካዊ አልነበረም። መጸዳጃው አንድ ነው፣ ልብስ መቀየሪያ የለም፣ የማታ ሺፍት ሲያልቅ መኪና የለም። ሴት ሎደር ላይ ለማውጣት ፍላጎት እያለ እነዚህ ካልተስተካከሉ የምትወጣ ሴት አትገኝም። መጸዳጃ ተሠራ፣ የማታ ሰርቪስ ተመደበ። እርጉዝ ሠራተኛ በማታ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12፣ እንዲሁም በትርፍ ሰዓት አትሠራም፤ ይህ ሕግ ነው፣ ለድርድር አይቀርብም። የተደራደሩት በዚያ ጊዜ ደረጃዋና የሥልጠና ተራዋ እንዳይዘለል ነው። ወሲባዊ ትንኮሳን በተመለከተ አቤቱታው ለፎርማኑ ይቀርብ የነበረው ተቀይሮ ለማኅበሩ ሴት ተወካይና ለሰው ኃይል ክፍሉ በቀጥታ እንዲቀርብ ሆነ። ፎርማኑ ራሱ ተከሳሽ የሚሆንበት ጊዜ ይኖራልና። ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ ሁለት ልጆች በለቃሚነት ተገኝተው ነበር፤ ካባ ለወጣት ሠራተኛ ከተከለከሉት ሥራዎች አንዱ ስለሆነ ወደ ሌላ ሥራ የሚዛወሩበት ቦታ እዚያ አልነበረም።

ዓርብ

ኮምቦልቻ ላይ ሙስሊምና ክርስቲያን ያልተቀላቀለበት ሺፍት የለም። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ለጁምዓ የሚወጣ ሰው ስለሚበዛ ክሬሸሩ ሰው አጥሮት ይንገታገት ነበር፣ የሄዱትም ይቀጡ ነበር። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዓርብ የምሳ ሰዓት ከ5:30 እስከ 7:30 እንደሆነ ተጠቅሶ እዚህም እንዲሁ ተባለ፤ ግን ልዩነቱ ክሬሸሩ በዚያ ሰዓት ጨርሶ እንዲቆም መደረጉ ነው። ወንፊት የሚቀየረው፣ የጆው ሳህን የሚታየው፣ ግሪስ የሚሞላው በዚያ ሁለት ሰዓት ነው። በፊት እነዚህ ሥራዎች በየቀኑ በቁርጥራጭ ይሠሩ ነበር። በዒድ ክርስቲያኑ፣ በፋሲካና በጥምቀት ሙስሊሙ ጥበቃና ጄኔሬተር ይይዛል፤ የበዓል ክፍያው ግን ለሁሉም እኩል ነው። በረመዳን ወር የአቧራው ቦታ በየሁለት ሰዓቱ ሰው ይቀያየራል፤ በጾም ውኃ ሳይቀምስ ስምንት ሰዓት ወንፊት አጠገብ መቆም የሚችል የለም።

ያልተዘጋው

ጫኝና አውራጅ ማኅበሩ ገና አልተቋጨም። ወጣቶቹ በማኅበር ተደራጅተው መኪና ይጭናሉ፤ ድርጅቱ ሎደር ካመጣ በኋላም ሎደር ለጫነው ቢያጆ ክፍያ ይጠይቃሉ። እነሱ የድርጅቱ ሠራተኞች አይደሉም፣ ስለዚህ ኅብረት ስምምነቱ አይመለከታቸውም፤ ባለ መኪናው ግን መክፈሉን ካላወቀ ከበር አይወጣም። አሁን ያለው ጊዜያዊ መፍትሔ ለማኅበሩ የተለየ የእጅ ጭነት ቦታ ተሰጥቶ ኮብልና የግንብ ድንጋይ ብቻ እንዲጭኑ፣ ከአባላቱ ደግሞ በየክረምቱ ጥቂት ወደ ሁለተኛው ደረጃ ሥልጠና እንዲገቡ ነው። ለሥልጠና ይምጣ የተባለ ሰው የቀን ገቢውን ትቶ መምጣት ስላለበት የመጡት ከተጠበቀው አንሰዋል። አበል መከፈል አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ክርክር ላይ ናቸው።

ሌላው የሚሄዱት ናቸው። ሎደር ላይ የወጡት የመጀመሪያዎቹ ሰልጣኞች ሲኦሲ እንደያዙ ሁለቱ ወደ መንገድ ፕሮጀክት ሄዱ፤ እዚያ ደመወዙም የመስክ አበሉም ይበልጣል። ድርጅቱ ለሠለጠነ ሁሉ ሦስት ዓመት የማገልገል ግዴታ እንዲፈርም ጠየቀ። ማኅበሩ ሁለት ነገር መለሰ። አንደኛ፣ የሥልጠናው ወጪ ተሰልቶ በጽሑፍ ይቀመጥ፣ ሰው በቆየ ቁጥር በየወሩ ይቀነስ፣ ከደመወዝ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ፤ ሕጉም እንዲበልጥ አይፈቅድም። ሁለተኛ፣ ሲኦሲ የያዘ ሰው ረዳት ተብሎ ዓመት መቀመጡ ቀርቶ በ6 ወር ግማሹን፣ በ12 ወር ሙሉውን የኦፕሬተር ደመወዝ ጭማሪ ያግኝ። ድርጅቱ የመጀመሪያውን ተቀብሏል። በሁለተኛው ላይ ቀጣዩ ክረምት ሳይገባ መልስ ይሰጣል ተብሎ ቃለ ጉባኤ ተይዟል።